ዘይቱን ያቀጠነችው አሊስ ቦል

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ሐረር ላይ ለተማሪዎችና ለወላጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። እያወራሁ ከወረቀቴ ብዙ ጊዜ ስለወጣሁ፣ ያልኩትን አስታውሼ እንደገና ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙስ ታያላችሁ። ሁለቱም ዘይት ናቸው። ያውም ድሬዳዋ ከአንድ ጄሪካን የተቀዳ አንድ ዘይት። አንዱን ትናንት በሰው ላክሁትና እዚሁ ሐረር እህቴ በረንዳ ላይ አደረ። ሌላውን ዛሬ ረፋድ ላይ በሚኒባስ ይዤው መጣሁ።

ይሄኛውን ስገለብጠው ይንቦጫረቃል። ይሄኛውን ስገለብጠው፣ አያችሁ፣ ንቅንቅ የለም። ከድሬ እስከ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ሐረር ከ1,800 በላይ ናት። ደንገጎን ወጥቶ አንድ ሌሊት ማደር ዘይቱን ሞራ አደረገው። ቤት የምታበስሉ ይህን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በታኅሣሥ ብርድ ጄሪካኑን ምድጃ አጠገብ ሳያስጠጉ ወጥ አይጀመርም።

አሁን አንድ ሰው ይምጣና ይህን የረጋውን በመርፌ ይሳብልኝ። ከዚያ ክንዴን ይውጋኝ።

«ኧረ አቦ!» አለ አንዱ ከኋላ። እውነቱን ነው። ግን የዛሬ 100 ዓመት አካባቢ ሐኪሞች ወደዚህ የሚጠጋ ነገር ያደርጉ ነበር። የረጋ እንኳ ባይሆን፣ እንደ ማር የሚጎተት ዘይት በመርፌ ይወጉ ነበር።

ዘይቱ ቻልሙግራ ይባላል። በሕንድና በበርማ አካባቢ ከሚበቅሉ ዛፎች ፍሬ ነው የሚጨመቀው። የአገሬው ሰው ለሥጋ ደዌ መድኃኒት አድርጎ ለብዙ መቶ ዓመታት ተጠቅሞበታል። ወደ ፈረንጆቹ ሕክምና የገባው በ1854 ነው፤ ሕንድ ውስጥ የሚሠራ ፍሬድሪክ ሙዋት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ እሱ ጽፎ። ዘይቱ አንዳንድ በሽተኛ ላይ ለውጥ ያሳይ ነበር። ችግሩ አሰጣጡ ነው። ሲቀባ ብዙም አይሠራም። ሲጠጣ ያስመልሳል፤ ጣዕሙ በጣም መጥፎ ነው። ሲወጋ ደግሞ ሰውነት አይቀበለውም። ቆዳ ሥር ተጠራቅሞ ይቀራል፣ እብጠት እብጠት ይሠራል፣ ያማል። የሚቀልጠው 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐረር ቢመጣ ኖሮ ጠዋት ጠዋት እንደዚህ ጠርሙስ ይሆን ነበር።

ሥጋ ደዌ ምን እንደሆነ ለሐረር ሰው መንገር የለብኝም። በ20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ላይ የፈረንሳይ ሚሲዮናውያን እዚህ ከተማ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማደሪያ ከፍተው ነበር። ከግንቡ ውጭ ያለውን ገንደ ፌሮንን ስትጠሩ የአንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ስም እየጠራችሁ ነው። ወደ ባቢሌ ስትወጡ ደግሞ ቢሲዲሞ አለ። በ1957 ጀርመን ውስጥ፣ ቩርዝቡርግ ላይ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የሚረዳ ማኅበር ተመሠረተ። የመጀመሪያ ሥራው ቢሲዲሞ ያለው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል ነበር።

ልጅ ሆኜ በዚያ መንገድ ባቢሌ ለውዝ ልንገዛ ስንሄድ፣ ቢሲዲሞ ጋ ስንደርስ አክስቴ መስኮት ታዘጋኝ ነበር። በዚያ ሙቀት! በሽታው በነፋስ እንደ አቧራ ይገባል ብላ ነው። ክፉ ሰው አልነበረችም። ተረታችን ራሱ «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» ይላል። ሰውየውን በስሙ አትጥራው፣ በበሽታው ጥራው፣ ከገበታህ እንዲርቅ ማለት ነው። ዛሬ የምናውቀው ሌላ ነው። አብዛኛው ሰው ጀርሙ ቢያገኘውም እንኳ አይታመምም። በሽተኛው መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። ኪኒኑም በነፃ ነው።

ሃዋይ ግን መስኮት ከመዝጋት አልፋ ሄዳ ነበር። በ1865 ሕግ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ሕሙማን ሞሎካይ በተባለች ደሴት ላይ ካላውፓፓ ወደሚባል ቦታ መጋዝ ጀመሩ። በአንድ በኩል ገደል ነው፣ በሌላው ባሕር። እናት ከልጇ፣ ባል ከሚስቱ ይለያል። 8,000 ያህል ሰው እዚያ ተልኳል። ሕጉ የተነሳው በ1969 ነው።

የዛሬዋ ባለታሪካችን እዚህ ውስጥ ነው የምትገባው። ስሟ አሊስ ኦገስታ ቦል ነው። አንቱ ብላቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን 24 ዓመት ልጅን አንቱ ማለት ለምላሴ ከበደኝ። እሷ እያልኩ እቀጥላለሁ፣ ይቅር ትበለኝ።

አሊስ በሐምሌ 1892 አሜሪካ፣ ሲያትል ተወለደች። ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ቤታቸው የፎቶ አንሺ ቤት ነው። አያቷ ጄምስ ፕሬስሊ ቦል ገና ባርነት ሳይቀር ሲንሲናቲ ላይ ፎቶ ቤት የነበራቸው፣ ባርነትን የሚቃወሙ፣ ስመ ጥር ሰው ናቸው። አባቷ ጋዜጣ አዘጋጅ፣ ጠበቃ፣ ፎቶ አንሺ። እናቷም ፎቶ አንሺ።

ይህን ዝም ብዬ አይደለም የማነሳው። የአያቷ ዘመን ፎቶ ኬሚስትሪ ነበር። ብር የተለበጠ የመዳብ ሳህን ይወለወላል። በአዮዲን ጭስ ይታጠናል። ብርሃን ካየ በኋላ ደግሞ በሜርኩሪ ጭስ ይታጠንና ምስሉ ብቅ ይላል። ከዚያ ይታጠባል። በዚህ ቤት ያደገች ልጅ ፈሳሽ ከፈሳሽ ሲቀላቀል ምን እንደሚሆን ለማየት ትምህርት ቤት መግባት አልነበረባትም።

ሐረርም የፎቶ ታሪክ አላት፤ ራምቦ ቤትን የማያውቅ የለም። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1883 ካሜራ አስመጥቶ እዚህ ፎቶ ያነሳ ነበር። ለቤተሰቦቹ ከላካቸው ፎቶዎች ጋር በጻፈው ደብዳቤ ላይ ምስሎቹ የነጡት ባጠባቸው መጥፎ ውሃ ምክንያት ነው ብሎ አማርሯል። ገጣሚውን በኬሚስትሪ የጣለው የሐረር ውሃ ነው! ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ከግጥሙ ይበልጥ ይህ ይጥማቸዋል።

ወደ አሊስ ልመለስ። አያትየው መገጣጠሚያቸውን ያማቸው ነበር። ሙቀት ይሻላቸዋል ተብሎ ቤተሰቡ ወደ ሃዋይ ሄደ፤ እኛ የቁርጥማት በሽተኛ ወደ ድሬ ውረድ እንደምንለው። ግን አያትየው በ1904 ሞቱ። ቤተሰቡም በ1905 ወደ ሲያትል ተመለሰ። አሊስ በ1910 ሃይስኩል ጨረሰችና ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገባች። በ1912 በመድኃኒት ኬሚስትሪ፣ በ1914 በፋርማሲ ተመረቀች። በዚያው ዓመት ከመምህሯ ከዊልያም ዴን ጋር ሆና በአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ላይ የምርምር ጽሑፍ አሳተመች። ያን ጊዜ ይህ ለጥቁር ሴት ቀርቶ ለማንኛዋም ሴት ብርቅ ነው።

ለማስተርስ ወደ ሃዋይ ኮሌጅ ተመልሳ ሄደች። የዛሬው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። ያጠናችው ካቫ የሚባል ተክል ሥር ነው። የፓስፊክ ደሴት ሰዎች ሥሩን ቀጥቅጠው በውሃ ይጠጡታል፤ ያረጋጋል፣ አፍ ያደነዝዛል።

አወዳይ አጠገባችሁ ስለሆነ ጥያቄዋ የሚገባችሁ ይመስለኛል። ጫት እንደሚያነቃቃ አያት ቅድመ አያታችን ያውቃል። «ቅጠሉ ውስጥ የትኛው ነገር ነው የሚያነቃቃው?» የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። መልሱ የተገኘው በ1975 ነው፣ ካቲኖን የሚባለው ሞለኪውል ሲለይ። ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ እየተበላሸ ይሄዳል። ጫት የጫነ መኪና እንደ እብድ የሚበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ? ነጋዴው ኬሚስትሪውን ሳይማር ያውቀዋል። አሊስ ካቫ ላይ የጠየቀችው ይህንኑ ነው። ሥሩን አፍልቶ «ይሠራል» ከማለት አልፎ፣ ውስጡ ያሉትን ነገሮች አንድ በአንድ መለየት።

በ1915 ማስተርሷን ያዘች። በዚያ ኮሌጅ ማስተርስ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት፣ የመጀመሪያዋም ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ወዲያው እዚያው ኬሚስትሪ እንድታስተምር ቀጠሯት። 23 ዓመቷ ነው። የኛ ልጆች በዚህ ዕድሜ ሲቪ ይዘው ቢሮ ለቢሮ ይዞራሉ።

ሆኖሉሉ ውስጥ ካሊሂ የሚባል ሆስፒታል ነበር። ሥጋ ደዌ የተገኘባቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚገቡት እዚያ ነው። ሐኪሙ ሃሪ ሆልማን በቻልሙግራ ተሰላችቷል። ጥቅሙን አይቷል፤ ግን የሚወጋበት መንገድ ጠፋው። የአሊስን የካቫ ሥራ ሲያይ ጉዳዩን ይዞ ወደ እሷ ሄደ። እሷ ቀን ታስተምራለች፣ በተረፋት ሰዓት ዘይቱን ትሠራለች።

ያደረገችውን በዚህ ጠርሙስ ላሳያችሁ። ማንኛውንም የምግብ ዘይት በዓይነ ሕሊናችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሦስት ረጃጅም ጭራዎች አንድ ቦታ ላይ ታስረዋል። ማሰሪያው ግሊሰሪን ነው፤ ክረምት ላይ እጃችሁን የምትቀቡት ያው ግሊሰሪን። ጭራዎቹ ቅባት አሲድ ይባላሉ። ቻልሙግራ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ጭራዎቹ ናቸው። ዘይቱን ወፍራም የሚያደርገው ግን ሦስቱ አብረው መታሰራቸው ነው። ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ በሸዋ በር ግርግር ውስጥ ልለፍ ቢል አስቡት።

ስለዚህ እሷ እስሩን ፈታችው። መጀመሪያ ዘይቱን እንደ ካስቲክ ሶዳ ባለ አልካሊ ማፍላት ነው። እስከዚህ ድረስ ሳሙና መሥራት ማለት ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። ቀጥሎ አሲድ ሲጨመር ቅባት አሲዶቹ ለብቻቸው ይወጣሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ጭራ ከአልኮል ጋር ማጋባት። የሚወጣው ኤቲል ኤስተር ይባላል። ቀጭን ነው፣ በመርፌ ይሳባል፣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይሰራጫል።

እዚህ ጋ አንዴ ልናደድ ፍቀዱልኝ። ስለ አሊስ በየቦታው የሚጻፈው ላይ «በውሃ የሚሟሟ መድኃኒት ሠራች» የሚል አለ። ኤስተር በውሃ አይሟሟም። ዘይት ነው፣ ግን ቀጭን ዘይት። ሴትየዋ የሠራችው በራሱ በቂ ነው፣ እኛ ያልሠራችውን ባንጨምርላት ጥሩ ነው። ደግሞም ሲወራ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አልነበረም። ሳሙናውን ማንም ይሠራዋል። እነዚያን የተለዩ ቅባት አሲዶች ሳያበላሹ ለይቶ፣ ለሰው ሥጋ የሚሆን ንጹሕ ነገር ማውጣት ነው ጭንቁ። ብዙ ሰው ሞክሮ ያልሆነለት ነው።

ሥራዋን ግን አላሳተመችም። ጊዜ አላገኘችም። በ1916 ታመመችና ወደ ሲያትል ተመለሰች። በታኅሣሥ 31፣ 1916 ሞተች። 24 ዓመቷ ነበር።

በምን ሞተች? የሞት ምስክር ወረቀቷ ሳንባ ነቀርሳ ይላል። ሆኖሉሉ የሚታተም ጋዜጣ ግን በ1917 ክፍል ውስጥ ስታስተምር ክሎሪን ጋዝ ተመርዛ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ጊዜው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1915 ጀርመኖች ቤልጂየም ውስጥ፣ ኢፕር ላይ፣ በጠላት ወታደሮች ላይ የለቀቁት ክሎሪን የዓለም ወሬ ነበር። የኬሚስትሪ መምህርም ስለ ክሎሪን ይጠየቃል።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ጉሮሮዬን ይይዘኛል፣ በእውነት። ማስተማር የጀመርኩ ዓመት፣ ትምህርት ቤቱን ስሙን አልጠራም፣ ክሎሪን ላሳይ ብዬ ትንሽ በረኪና ላይ አሲድ ጠብ አደረግኩ። የጋዝ መምጠጫ የሚባል ነገር የለንም። መስኮት አለ፤ ሌባ እንዳይገባ ተብሎ በላሜራ ተበይዷል። አረንጓዴ ቢጫ የሆነ ነገር ከቢከሩ አፍ ላይ ተነሳ። ወደ ላይ አይወጣም፣ ከአየር ይከብዳል፤ በጠረጴዛው ጠርዝ እየፈሰሰ ወደ ፊት ረድፍ ወረደ። ሚጥሚጣ ትን እንዳለው ሰው ሆንኩ። ልጆቹን እየገፋሁ አስወጣሁ። ሁላችንም ደህና ነን፤ እኔ ግን ሳምንት ሙሉ ሳልኩ። እና እዚህ ላላችሁ እናቶችም አባቶችም፦ ሽንት ቤት ስታጸዱ በረኪናና አሲድ አትቀላቅሉ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ያው ክሎሪን ነው።

አሊስ ከሞተች በኋላ የሆነው ነው የሚያንገበግበኝ። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት አርተር ዲን ራሱ ኬሚስት ነበር። ሥራዋን ወስዶ ቀጠለበት፣ መድኃኒቱን በብዛት አስመረተ፣ ውጤቱንም አሳተመ። ስሟን ግን አላነሳም። ዓለም ዘዴውን «የዲን ዘዴ» ብሎ ያዘው።

ለዲን ፍርድ ላጉድል አልፈልግም። በትንሽ ጠርሙስ የተሠራን ነገር ለብዙ በሽተኛ ማዳረስ ሌላ ሥራ ነው፤ ሠርቶታል። ከካሊሂ 78 ሰዎች ወደ ቤታቸው ተሸኝተዋል። ወደ ካላውፓፓ ይሄዱ የነበሩ ሰዎች ወደ እናታቸው ቤት ሲሄዱ አስቡት። ግን አንድ መስመር መጻፍ ምን ይከብዳል? «ይህን የጀመረችው ሚስ ቦል ናት» ለማለት ስንት ጠብታ ቀለም ይፈጃል?

የኔ ቤተ ሙከራ አንድ ሕግ አለው። ጠርሙስ ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ ምን እንደሆነ፣ የተሠራበት ቀን፣ የሠራው ሰው ስም። ያልተጻፈበት ጠርሙስ ይደፋል። ተማሪዎቼ ይጠሉኛል በዚህ። ስሙ ለክብር ብቻ አይደለም። ነገ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ቢያጠራጥር ማንን ትጠይቃለህ? ስሟን ሲፍቁት ሴትየዋን ብቻ አይደለም የጎዱት፤ እንዴት እንደተደረሰበት የሚያሳየውን መንገድም አጠፉት።

ሆልማን ዝም አላለም። በ1922 ባሳተመው ጽሑፍ ችግሩን የፈታችለት አሊስ መሆኗን ጻፈ። ዘዴውንም በስሟ ጠራው። የዲን አሠራር ከእሷ የተሻለ ነገር አልጨመረም አለ። ሰሚ ግን አላገኘም፤ ጉዳዩ ለ50 ዓመት ያህል ተኛ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ካትሪን ታካራና ስታንሊ አሊ የተባሉ ተመራማሪዎች መዝገብ ሲያገላብጡ አገኟት። በ2000 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ባለ የቻልሙግራ ዛፍ ላይ ስሟን የያዘ ሰሌዳ ተደረገላት። ለንደን ውስጥ ደግሞ የታወቀ የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ የሕንፃው ግድግዳ ላይ የ23 ታላላቅ ሰዎች ስም ተቀርጿል። ሁሉም ወንዶች ነበሩ። በ2019 ሦስት ሴቶች ተጨመሩ፦ ማሪ ኩሪ፣ ፍሎረንስ ናይቲንጌልና አሊስ ቦል።

ያም ሆኖ አሊስ ሥጋ ደዌን አላጠፋችም። መርፌው ለብዙዎች ረዳ፤ ለሌሎች አልሠራም፣ አንዳንዱ ላይም በሽታው ተመልሷል። በ1940ዎቹ ሰልፎን የሚባሉት መድኃኒቶች ሲመጡ ቻልሙግራ ቀረ። ዛሬ የሚሰጠው ጥምር መድኃኒት የመጣው ደግሞ በ1980ዎቹ ነው። እሷ የሞላችው በመካከል ያለውን ከ20 ዓመት በላይ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለታመመ ሰው፣ ከእሷ የተሻለ የሚሰጠው አልነበረም።

ንግግሬን እዚህ ላይ ነበር ያቆምኩት። ጥያቄ ሲባል፣ አንድ ሽማግሌ ተነሡና ቢሲዲሞ ጋ መስኮት የሚዘጉት አክስቴ በሕይወት አሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አሉ አልኳቸው። «እንግዲያው ንገራት» ብለው ተቀመጡ። ቀጥላ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄኛውን የረጋውን ዘይት እኛም ማቅጠን እንችላለን?»

ትችላላችሁ አልኳት። ለመድኃኒት አይሆንም እንጂ፣ መንገዱ ያው ነው። አልኮል ያስፈልጋል፣ ካስቲክ ሶዳ ያስፈልጋል፣ መነጽር ያስፈልጋል፣ አጠገባችሁ መምህር ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን መስኮቱ የሚከፈት ክፍል ፈልጉ።

አዳራሹ ሲበተን ጠርሙሱን ልውሰደው ብላ መጣች። የእህቴ ዘይት ነው ልላት ብዬ ተውኩት። ማርከር ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት። የዘይቱን ዓይነት ጻፈች፣ ቀኑን ጻፈች። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«ቲቸር፣ የእርስዎን ልጻፍ የእኔን?»

ገና ምንም አልሠራሽም፣ ባዶውን ተዪው አልኳት።